የሦስት ቡሎን ቂም

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ተረት ለሰው ብቻ የተነገረ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ለመኪናም ይሠራል። ያቺ አሮጌ ፒክአፕ ከከተማው መንገድ ሁሉ መርጣ የፈላችው፣ ባለቤቷ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን አዙረው ካለፉት ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ ነው።

ባለቤቷ ዳቦ አመላላሽ ናቸው። በየማለዳው ከታች ሰፈር ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ይጭኑና ዳገቱን ወጥተው ለላይ ሰፈር ሱቆች ያድላሉ። ሹፌሮች «ጋሽ ጄሪካን» ይሏቸዋል፤ ከዳቦው ጎን አምስት ጄሪካን ውሃ ሳይጭኑ ወጥተው አያውቁምና። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ይቆማሉ፦ አንዱ መኪናዋን ውሃ ለማጠጣት፣ አንዱ እስክትበርድ ለመጠበቅ፣ አንዱ ለመራገም። ትናንት የዳቦ ቤቱ ባለቤት አስጠራቸው፤ ያውም ሠራተኞቹ ፊት፣ ያውም ተቀመጡ ሳይላቸው፦

«ሽማግሌው፣ የእርስዎ ነገር ተገላቢጦሽ ሆነብኝ እኮ! ሞተሩ ትኩስ፣ ዳቦው ቀዝቃዛ! እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ሌላ መኪና እይዛለሁ» አላቸው።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲቀልድ የቆመው ሁሉ ይስቃል፤ የሚያስቀው ቀልዱ ይሁን ደሞዙ ግን አይለይም።

ስለዚህ ዛሬ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጋሽ ጄሪካን መኪናቸውን ሊሸጡ እየሄዱ ነበር። የውዳቂ ብረት ነጋዴው በስልክ «አምጧት፣ በኪሎ እገዛለሁ» ብሏቸዋል። በኪሎ! ሁለት ልጅ ያስተማረች መኪና እንደ ድንች በኪሎ! ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ እንደተሰነቀረ ነው የመጡት።

ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተግተልትሎ ሲወጣ ዳር ያዙ፤ ወርደውም ኮፈኑን ከፈቱ። እንደ ልማዳቸው ኮታቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ጠቀለሉና የራዲያተሩን ክዳን ሊጠመዝዙ ሲሉ፦

«ኧረ እንዳይከፍቱት! ጋሼ! እጅዎን!»

ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ወጣት ከጋራዡ እየሮጠች ወጥታ ክንዳቸውን ቀጨም አደረገች።

«ምነው ልጄ? ሃያ ስምንት ዓመት ስከፍተው የኖርኩትን ክዳን ዛሬ ልትከለክይኝ ነው?»

«እስካሁን ስላልተፋብዎት ዛሬም አይተፋም ማለት ነው እንዴ? ውስጡ ያለው እኮ ታፍኖ የፈላ ውሃ ነው! ዓይንዎን ቢያገኘው ዳቦውን ማን ያደርሳል? ለግማሽ ሰዓት አይነካም፤ ይቀመጡ።»

ይህን ብላ በርጩማ አመጣችላቸው። ጋሽ ጄሪካን በርጩማውን አዩት፤ ልጅቷንም አዩ። ማን እንደሆነች ያውቃሉ። የዚህ ጋራዥ ባለቤት ልጅ ናት፤ ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ሞተር የተማረች፣ ሰፈርተኛው ለማሾፍ «ኢንጂነሯ» የሚላት። ሰፈርተኛ ያልተማረውን ይንቃል፣ የተማረውን ያሾፍበታል፤ መካከል ላይ ያለውን ደግሞ እየረሳ ይኖራል። ከግቢው ጀርባ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አባቷ፣ ሽማግሌው መካኒክ፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ቡሎን በየጣሳው ይለያሉ። ዞር አላሉም።

ጋሽ ጄሪካን መቀመጥ አልፈለጉም፤ ግን ጉልበታቸው ሳያስፈቅዳቸው ተቀመጠ።

«በቀን ስንት ውሃ ትጠጣለች?» አለች ኢንጂነሯ።

«ሁለት ጄሪካን፤ ሲሞቅ ሦስት። መኪናም እንደ ሰው ነው፤ ስታረጅ ይጠማታል።»

«ሰውም ይህን ያህል ሲጠማው ሐኪም ቤት ይሄዳል እንጂ ጄሪካን አይሸከምም። መሬት ላይ ይንጠባጠባል?»

«ጠብ አይልም።»

«ታዲያ ውሃው የት ገባ?»

ጋሽ ጄሪካን ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው ጠይቀው አያውቁም። ውሃ ያፈስሳሉ፣ ውሃ ይጠፋል፣ እንደገና ያፈስሳሉ። «ተነነ» አሉ፤ መልሱ ለራሳቸውም አልጣማቸውም። ቀጥለውም ለማካካስ፣ «ደግሞ እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም! እንቁላል ጨምሬባታለሁ። ሁለት እንቁላል ራዲያተር ውስጥ ስትመቺበት ቀዳዳ ይደፍናል» አሉ።

«ጋሼ! ራዲያተር ነው ወይስ መጥበሻ?»

በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ቆመው ሳቁ። ጋሽ ጄሪካን ፊታቸው ቀላ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ቶሎ ብላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለመሳቅ አይደለም። እንቁላሉ የደፈነው ቀዳዳውን ሳይሆን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። የሚቃጠለውን ቤት ትተው የእሳት አደጋውን መኪና ጎማ አስተነፈሱት ማለት ነው።»

ሞተሩ ሲበርድ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን አራት ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትታ በመዳፏ ላይ ደረደረቻቸው። ሦስቱ ጥቀርሻ ለብሰዋል፤ አራተኛዋ ግን ዛሬ ከሱቅ የወጣች ይመስል ነጥታለች።

«ይቺ ደህና ናት» አሉ ጋሽ ጄሪካን ደስ ብሏቸው።

«ይቺ ናት በሽተኛዋ! እሳት መሃል የምትውል ካንዴላ ማን አጠባት? ውሃ! ያ የጠፋብዎት ውሃ እዚህ ነው የሚገባው፤ ከዚያ በጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የቴስታታዋ ጋስኬት ተቃጥሏል ጋሼ!»

ቀጥላ በሁለት መዳፏ አሳየቻቸው፤ አንዱን መዳፍ ከታች፣ አንዱን ከላይ። «የታችኛው የሞተሩ አካል ነው፤ የላይኛው ክዳኑ፣ ቴስታታ የምንለው። ጋስኬቱ በመካከላቸው የሚነጠፍ ስስ ነገር ነው። እሳት፣ ውሃና ዘይት የሚባሉ ሦስት ጎረቤቶች አሉ፤ ጋስኬት አጥራቸው ነው። አጥሩ ሲፈርስ እሳቱ ውሃው ቤት ይገባና ያፈላዋል፤ ውሃው እሳቱ ቤት ይገባና ያጠፋዋል። ውሃው ዘይቱ ቤት ሲገባ ደግሞ ዘይቱ ወተት የፈሰሰበት ሻይ ይመስላል። የእርስዎ ዘይት ገና አልደረሰበትም፤ አይቼዋለሁ። ዕድለኛ ነዎት! ዛሬ ቢከፈት ትድናለች!»

ዓይኖቿ ያበራሉ። የሰው መኪና ለማዳን እንዲህ የምትቁነጠነጥ ልጅ ጋሽ ጄሪካን አይተው አያውቁም። ደስታዋ ሊጋባባቸው ሲል ግን አንድ ቃል ሰሙና እንደ ብረት ደረቁ፦ «ቢከፈት» ነው ያለችው።

«አይከፈትም!»

«ለምን?»

«ቴስታታዋ የተነሳ መኪና ባለቤት ይቀይራል። የድሮ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሞተር እንደ ሰው ሆድ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ አይገጥምም።»

«ጋሼ፣ እኔ ራሴ የመጣሁት በተከፈተ ሆድ ነው። እናቴ ግን ይኸው ገጥሞላት እስከ ዛሬ ስትቆጣኝ ትውላለች።»

«ሐኪሟ ጎበዝ ነበር።»

«መካኒክስ ጎበዝ አይኖረውም?»

«እሱስ ይሁን። ዋጋውስ? በኪሎ ልግዛት ያለኝ የውዳቂ ብረት ነጋዴ ‹ቴስታታ ማስነሳት ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል› ብሎኛል።»

«እሱ እኮ መኪናዋን ሊገዛ የፈለገ ሰው ነው! በሽተኛ ስለ መድኃኒት ዋጋ ሬሳ ሳጥን ሻጭ ይጠይቃል?» ብላ ካርቶን ቀደደችና በእርሳስ መጻፍ ጀመረች። «በዳቦ እንቁጠረው። ጋስኬቱ ራሱ የሁለት ቀን ገቢዎ ነው።»

«ሁለት ቀን? ብቻ?»

«እሱ ስስ ነገር ነው አልኩዎት። ውዱ እሱ ጋ መድረሱ ነው። እሱን ለማግኘት ግማሹ ሞተር ይፈታል፣ ተመልሶም በልኩ ይጠብቃል፤ ለእጃችን የስድስት ቀን። ቴስታታው በሙቀት ስለሚጣመም ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከላል፤ ሁለት ቀን። አዲስ ቡሎን፣ ዘይትና የራዲያተር እጥበት ደግሞ ሦስት። ጠቅላላ የአሥራ ሦስት ቀን ዳቦ። ጋስኬቱ ርካሽ ነው ብሎ በስድስት ቀን የሚጨርስልዎት ሰው ካገኙ፣ አንዱን ነገር ዘልሎታል ማለት ነው፤ በሦስት ወር ተመልሳ ትፈላለች።»

«ብታታልዪኝስ?»

«አንድ ነገር አልምልም። ቴስታታው ተሰንጥቆ ከሆነ ሳይከፈት አይታይም። ተሰንጥቆ ካገኘሁት ሥራውን አቁሜ እጠራዎታለሁ፤ ያኔ በኪሎ ይሽጧት። እንዲህ እየፈላች ከነዷት ግን አንድ ቀን ሞተሩ ይጣበቃል። ያ ደግሞ የአምስት ወር ዳቦ ነው።»

አሥራ ሦስት ቀንና አምስት ወር። ጋሽ ጄሪካን ሒሳቡ ገባቸው፤ ልባቸው ግን ሒሳብ አልተማረም። ከበርጩማው ዘለው ተነሱ፤ ከመኪናዋ መሳቢያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ፦

«እንግዲያውስ ይኼን አባትሽን ጠይቂልኝ!»

ጨርቁን ሲፈቱት ሦስት ዝገት የበላቸው ረጃጅም ቡሎኖች ወጡ።

«ሃያ ስምንት ዓመት አብረውኝ ኖረዋል! ያን ጊዜ ይቺኑ ሞተር አባትሽ ከፈተልኝ። ቤቴ ስደርስ እነዚህ ሦስቱ ከመቀመጫው ሥር ተጥለው አገኘኋቸው። ሦስት ቡሎን ሳይገጥም ሰጠኝ! በማግሥቱ ተመልሼ እዚሁ በር ላይ፣ ሰው ፊት ‹ሌባ!› አልኩት። መልስ የለውም! ጀርባውን ሰጠኝ! ይኸው አሁንም ሰጥቶኛል!»

ቆርቆሮው ጥላ ሥር የቡሎን መለያው ድምፅ ቆመ። ሽማግሌው መካኒክ ግን አሁንም አልዞሩም።

ኢንጂነሯ አንዱን ቡሎን አንስታ ወደ ብርሃን አደረገችው። ከዚያ ቁልፍ ያዘችና ቴስታታውን ከላይ የሚሸፍነውን ስስ ቆርቆሮ አነሳች።

«ቴስታታውን የያዙት የነዚህ ዓይነት ቡሎኖች ናቸው። የዚህ ሞተር አሥር ናቸው። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ዛሬ ሰባት ናቸው ማለት ነው። ይምጡ፤ በራስዎ ጣት ይቁጠሩ።»

«ምን ያስቆጥረኛል?»

«ሃያ ስምንት ዓመት ሰው የጠሉበትን ነገር አንድ ደቂቃ መቁጠር ይከብዳል?»

ጋሽ ጄሪካን ጣታቸውን ዘረጉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ቆመው የነበሩት መንገደኞች ተጠጉ። «...ስድስት፣ ሰባት...» ቡሎኑ ግን ገና አላለቀም። «ስምንት። ዘጠኝ።» ድምፃቸው ሰለለ። «አሥር።»

እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። አሁንም አሥር ነው።

«ታዲያ... ታዲያ እነዚህ የማን ናቸው?»

ኢንጂነሯ ከመደርደሪያ አዲስ ቡሎን አምጥታ ከአሮጌዎቹ ጎን አቆመችው። አሮጌዎቹ በጥፍር ውፍረት ይረዝማሉ፤ ወገባቸውም ቀጥኗል።

«የእርስዎ ናቸው። እነዚህ ቡሎኖች በውጥረትና በሙቀት ይሳባሉ፤ የተሳበ ቡሎን ደግሞ ተመልሶ አይታመንም። አባቴ ሦስቱ ተስበው አገኛቸው፣ በአዲስ ተካቸው። አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ሳይመልስ የማያድር ሰው ስለሆነ አሮጌዎቹን መኪናዎ ውስጥ አስቀመጠልዎት። ሦስት ቡሎን ጎድሎ ቢሆን ኖሮማ ጋሼ፣ ይቺ መኪና ያን ቀን ይህን መንገድ አትሻገርም ነበር! እሷ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ዳቦ አወጣች። አንዴ ከተከፈተ አይገጥምም አይደል ያሉት? ስንት ዓመት የገጠመ ሞተር ላይ ቆመው ነው የሚከራከሩኝ!»

ጋሽ ጄሪካን ሦስቱን ቡሎኖች መዳፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ቂም የሚባለው ነገር እንዲህ ነው። ያዡ ማስረጃ ይመስለዋል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል፣ ሌሊት እየተነሳ ይዳስሰዋል፤ አንድ ቀን ግን ብርሃን ላይ አውጥቶ ቆጥሮት አያውቅም። ከቆጠረው ያልቅበታላ! ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያለ ጥቅልል በመሳቢያችን ያለን።

እዚያው እንደቆሙ ስልካቸው ጮኸ። የውዳቂ ብረት ነጋዴው ነበር።

«የት ደረሱ? ሚዛኑን አዘጋጅቼ እየጠበቅኩ ነው!»

ጋሽ ጄሪካን ቡሎኖቹን ኪሳቸው ከተቱ። «ሚዛንህን ለድንች ተጠቀምበት!» ብለው ዘጉት። ቀጥለው ወደ ልጅቷ ዞሩ፦ «ክፈቻት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ቆመው አዩ፤ በርጩማዋንም ረሷት። ኢንጂነሯ ካርቶን ላይ አሥር ቀዳዳ በስታ እያንዳንዱን ቡሎን እንደወጣበት ቦታ ሰካችው። ቴስታታው ተነሳ፤ ጋስኬቱ አንድ ጥግ ላይ የአውራ ጣት ያህል ጠቁሮ ተበልቶ ነበር። «ይኼ ነው? ይቺን ለምታህል ቀዳዳ ነው ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስቀዳ የኖርኩት?» ብለው ጮኹ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ላይ ጋድማ ከኋላው ባትሪ ስታበራ በሥሩ ቀጭን ብርሃን ሾለከ፤ ተጣሟል፣ ስንጥቅ ግን የለውም። ቶርኖ ቤቱ ሳይዘጋ ራሳቸው ተሸክመው ሮጡ! ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ቴስታታ በጉያቸው ይዘው ሲሮጡ ያየ ሁሉ ዞር ብሎ አየ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሯ አዲሶቹን ቡሎኖች በመለኪያ ቁልፍ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጠበቀች። «በጉልበት አይጠብቅም እንዴ?» አሉ። «በጉልበት የጠበቀ ነገር ያጣምማል ጋሼ፤ በልክ ነው» አለቻቸው። ስትጨርስ አሮጌዎቹን አሥር ቡሎኖችና የተቃጠለውን ጋስኬት በጨርቅ ጠቅልላ በእጃቸው ሰጠቻቸው።

«እነዚህ የወጡት ናቸው፤ በአዲስ ተተክተዋል። አባቴ ዝም ብሎ ያስቀመጠልዎትን እኔ ተናግሬ እሰጥዎታለሁ። ይቁጠሯቸው።»

ቆጠሯቸው። ከዚያ መንገደኞች እያዩ ወደ ቆርቆሮው ጥላ ሄዱ። እግራቸው ዳገቱን የወጡ ያህል ከበዳቸው።

«ሰማህ ወንድሜ፣» አሉ ለዚያ ጀርባ። «በድዬሃለሁ። ሰው ፊት ነበር የሰደብኩህ፤ ይኸው ሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ሽማግሌው መካኒክ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«ሃያ ስምንት ዓመት ሰላም ነሳኸኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚበቃህ።»

«አንተስ አንድ መልስ አልነበረህም?»

«ሌባ ላለኝ ሰው?» ብለው በእጃቸው የያዙትን ቡሎን ጣሳው ውስጥ ጣሉ። ቀጥለውም፣ «ልክ ነህ፤ መናገር ነበረብኝ። ኩራት ያዘኝ። መኪናዋን ግን ስታልፍ እሰማት ነበር። ከዓመት በፊት አንዷ ካንዴላ መሳት ጀመረች። በየማለዳው እሰማለሁ፤ ‹ዛሬ ትገባ ይሆን› እላለሁ፤ አትገባም። ዛሬ ገና አስተነፈስከኝ እኮ አንተ ሰው!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ሰኞ ማለዳ ጋሽ ጄሪካን አንድም ጄሪካን ሳይጭኑ ዳገቱን ተያያዙት። በመጀመሪያው መቆሚያቸው እግራቸው በልማዱ ፍሬን ሊይዝ ሲል፣ «ምን ሆነህ ነው!» ብለው እግራቸውን ተቆጡት። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል ላይ ነው። ሁለተኛው መቆሚያ አለፈ! መርፌው መሃል ላይ ነው! ሦስተኛው፣ የመራገሚያው ቦታ፣ ሲደርስ የሚራገሙት አጥተው ዘፈኑ። ላይ ሰፈር ሲደርሱ ባለሱቁ ዳቦውን ተቀብሎ ጣቶቹን አራገበ፤ «ኧረ ያቃጥላል!» የዳቦ ቤቱም ባለቤት በስልክ ሰምቶ፣ ማታ ሲመለሱ ወንበር ሳበላቸው። «ሁለት ቀን ቆሜ ውዬ ለምጄዋለሁ» ብለው አልተቀመጡም።

አሁን የሹፌሮች ተራ ላይ የሚሰብኩ እሳቸው ናቸው። የሰው ኮፈን ሲጨስ ካዩ ሮጠው ይደርሳሉ፦

«ክዳኑን እንዳትነካ! እንቁላልህን ብላው፤ ራዲያተር አይራብም። ውሃ እየጠፋብህ የት እንደገባ ካልጠየቅህ ሌባው ከቤትህ ነው። መርፌው ሲወጣ ቁም፤ የቆምክበት ግማሽ ሰዓት የአምስት ወር እንጀራህን ያድንሃል። ዋጋ ስትጠይቅ የሚሠራውን ጠይቅ እንጂ የሚገዛህን አትጠይቅ። አሮጌውን ዕቃ ተቀበል፣ ቁጠር፣ ያልገባህን ጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ስንት ዓመት እንዳቃጠልኩ ልንገርህ?»

ሹፌሮቹ ይስቃሉ፤ ግን ይሰማሉ። ከነሱም ሦስቱ ባለፈው ወር ኢንጂነሯ ዘንድ ገብተዋል። ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። የሰው ምላስ የገጠመውን ስም የሚፈታ ቁልፍ ገና አልተሠራም።

በየማለዳው ወደ ዳገቱ ከመውጣታቸው በፊት ሳይሆን፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ዞረው ሲወርዱ፣ ጋራዡ በር ላይ አንዴ ጥሩንባ ይነፋሉ። ለዚህ ብለው ያስቀሯትን የመጨረሻዋን ዳቦ ይዘው ይወርዳሉ። ሽማግሌው መካኒክ ዳቦዋን ቶሎ አይቆርሷትም፤ እንደ ሞተር በመዳፋቸው ይዳስሷታል፣ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ጣል አድርገው የፒክአፗን ድምፅ ያዳምጣሉ።

«ትኩስ ናት» ይላሉ።

«እሷስ?» ይላሉ ጋሽ ጄሪካን ወደ መኪናዋ እየጠቆሙ።

«እሷ በርዳለች።»